የክብር እንግዳው ምንጣፍ

ጮክ ብዬ መናገር ስለማልችል ጠጋ በሉልኝ። ነገሩ የሆነው በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ሰዉ ሁሉ በመብራት ያጌጡ መኪኖች ሰልፍ ሊያይ መንገድ ዳር በቆመበት ምሽት ነው።

አባታችን በያጅ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ እየተመለሰ ከብረትና ከአምፖል ትልቅ አሣ ሠርቶ በጭነት መኪና ላይ አስጭኖታል። አሣውን ቤት እንዳናበራው የቤታችን ቆጣሪ አይችለውም። ስለዚህ የስድስት ዓመቷ እህቴ ረድኤት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሣው ሲበራ ማየት።

አሣው ግን ጨለማ ውስጥ ተገትሯል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን በድምፅ ማጉያ፣ "ሁለት ሰዓት ላይ ካልተጀመረ ሰልፉ ይሰረዛል! የክብር እንግዳችን የእራት ቀጠሮ አለባቸው!" ተባለ።

"እንግዲያው አሣችንን ይብሉታ!" አለች እናቴ። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

ረድኤት እጄን እየጎተተች ጄኔሬተሩ አጠገብ ወደተቀመጠው ሰውዬ ሄደች። ሱፍ ይፈለፍላል።

"ጋሼ፣ አሣችንን ያብሩልን።"

"አስተባባሪው ሳያዝዝ? ጣቴንም አላነቃንቅ" ብሎ ቅርፊቱን እንትፍ አለ።

ጄኔሬተሩ አይነሣ፣ አሣው አይበራ።

ወደ አስተባባሪው ሄድን። ደረቱ ላይ ሦስት ባጅ ደርድሯል። አንዱ ባጅ ብቻውን የማያዝዝ ይመስል።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይዘዙልን።"

"እንግዳው ከመኪና ሳይወርዱ? አንቺ ልጅ፣ እንጀራዬን ልታዘጊብኝ ነው?"

"ለምን አይወርዱም?"

"ምንጣፍ የለማ! እሳቸው አስፋልት ይርገጡ?"

እንግዳው አይወርዱ፣ አስተባባሪው አያዝዝ፣ ጄኔሬተሩ አይነሣ፣ አሣው አይበራ።

ምንጣፍ አንጣፊውን ፈልገን አገኘነው። መጥረጊያውን ተደግፎ ያዛጋል።

"ጋሼ፣ ምንጣፉን ያንጥፉልን።"

"አንጥፌዋለሁ! ገና በቀን፣ በእነዚህ እጆቼ። በኋላ አንድ ጥቁር መኪና መጥቶ ወጣበት፤ ቆመበት።"

"ታዲያ ተነሣ አይሉትም?"

"የኔ ሥራ ማንጠፍ ነው፤ መኪና ማስነሣት አይደለም።"

ምንጣፉ አይታይ፣ እንግዳው አይወርዱ፣ አስተባባሪው አያዝዝ፣ ጄኔሬተሩ አይነሣ፣ አሣው አይበራ።

ወደ ጥቁሩ መኪና ሄድን። ሹፌሩ ውጭ ቆሞ መስታወቱን በመሐረብ ይወለውላል። በጨለማ!

"ጋሼ፣ መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉልን።"

"አለቃዬ ሳያዙ አልነዳም።"

"አለቃዎ ማን ናቸው?"

ሹፌሩ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ወንበር ጠቆመ። "የክብር እንግዳው ናቸዋ።"

ረድኤት አፏን ከፍታ ቀረች። "ምንጣፍ የለም ብለው የተቀመጡት እሳቸው ናቸው? ምንጣፉ ላይ?"

"ቀስ በዪ! ይሰሙሻል።"

"ይንገሯቸዋ!"

"እኔ? 'ጌታዬ፣ የራስዎ ምንጣፍ ላይ ቆመዋል' ልበላቸው? እብድ ነኝ?"

ዙሪያችንን የቆሙት ሰዎች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ። ለካ ሁሉም ያውቃሉ! ለሳቅ የደፈረው አፍ ለመናገር ሲሆን ተሳሰረ።

መኪናው አይነቃነቅ፣ ምንጣፉ አይታይ፣ እንግዳው አይወርዱ፣ አስተባባሪው አያዝዝ፣ ጄኔሬተሩ አይነሣ፣ አሣው አይበራ። ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀረው።

ረድኤት መስኮቱን ልታንኳኳ ተንጠራራች፤ አልደረሰችም። እኔን አየችኝ። ሹፌሩም አየኝ፤ በዓይኑ "እንዳታደርጊው" አለኝ። አባዬ ከሩቅ ታየኝ፤ አሁንም ጫማውን ያያል። ረድኤትን ብብቷን ይዤ ከፍ አደረግኋት።

ኳ! ኳ! ኳ! መስታወቱ ወረደ።

"ጋሼ፣ ምንጣፉ ከመኪናዎ ሥር ነው! ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ!"

እንግዳው፣ "ታዲያ ለምን አልተነገረኝም?" ብለው ጮኹ።

ሹፌሩ፣ አንጣፊውና አስተባባሪው ባንድ አፍ፣ "አሁን ልንነግርዎ ነበር!" አሉ።

ሹፌሩ መኪናውን ወደ ኋላ አደረገ፣ ምንጣፉ ጎማ እንደታተመበት ታየ፣ እንግዳው ወረዱ፣ አስተባባሪው አዘዘ፣ ሰውዬው ሱፉን ጥሎ ጄኔሬተሩን አስነሣ፣ አሣውም ቦግ አለ!

እንግዳው ድምፅ ማጉያ ጨብጠው፣ "ባደረግነው ጥብቅ ክትትል ሰልፉ በሰዓቱ ተጀምሯል" አሉ። ሦስቱም አጨበጨቡ። ከዚያ እንግዳው ጀርባቸውን ለአሣው ሰጥተው ፎቶ ተነሡ፤ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት ወደ እራታቸው ሄዱ። ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ የለም።

ረድኤት ግን አባዬ ትከሻ ላይ ወጥታ በሁለት እጇ አገጩን ቀና አደረገችው።

"አባዬ፣ ጫማህን ተወውና እየው! ጅራቱም ይበራል!"

አባዬ ቀና ብሎ አየ። አሣው ፊቱ ላይ አበራ።

መኪናው ሄደ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ አሣው በራ፣ ረድኤት አየች፤ በደስታ ስጮህ የተዘጋው የኔም ድምፅ እዚህ ላይ አለቀ።