ጅብ ፀሐይ ያሞቀው ቡቃያ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጠንክሮ ሜዳው ሁሉ ገለባ በሆነበት ዓመት፣ ለመንደሩ እንስሳት ከወንዝ ውሃ የምታመላልስ አንዲት አህያ ዳፍንት ያዛት። ቀን ቀን ደህና ታያለች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን ዓለም ድርግም ይልባታል፤ ዛፉን ከድንጋዩ፣ ወዳጇን ከጠላቷ አትለይም። ምስኪን! ጎረቤቷ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ጅብ!

«እመት ቀበሮ፣ እኔስ አለቀልኝ» አለች አንድ ቀን፣ ለቀበሮ ውሃ ስታደርስ። «ትናንት ሲመሻሽ አጠገቤ የሆነ ነገር ሲተነፍስ ሰማሁ። ማን እንደሆነ ግን አላየሁም። ፈራሁ።»

ቀበሮ ነገሩ ወዲያው ገባት። ደነገጠችም። ለአህይት አዝና ነው እንዳትሉ! አህይት ከተበላች ለቀበሮ ውሃ ማን ያመጣላታል? በገዛ እግሯ ወንዝ ልትወርድ ነው? አይሆንም!

«የዳፍንት መድኃኒቱ አረንጓዴ ቅጠል ነው» አለቻት። «ውስጡ ለዓይን የሚሆን ነገር አለ፤ ሰዎች ቪታሚን ይሉታል።»

«በዚህ በጋ ቅጠል ከየት ይመጣል?»

«የጎመን ዘር የለሽም? ገበቴ ላይ አፈር አድርጊና ዝሪው። ትልቅ ጎመን እስኪሆን መጠበቅ የለብሽም፤ ገና ቡቃያ ሳለ ትበይዋለሽ።»

አህይት ደስ ብሏት ሄደች። ነገር ግን ያደገችው ጠላ ጠማቂ ቤት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ገብስ ስትሸከም ስለኖረች፣ ማብቀል ማለት ብቅል ማብቀል ብቻ ይመስላታል። እናም እንደ ብቅሉ ዘሩን ዘፍዝፋ ዘራችና በደረቀ የኮባ ቅጠል ሸፍና ጨለማ ጓዳ ውስጥ አስቀመጠችው። በሳምንቱ ብትገልጠው ቡቃያው እንደ ክር ቀጥኖ፣ ረዝሞ፣ ቢጫ ሆኗል።

«ወይ ርዝመት!» ብላ ጠራርጋ በላችው። ዓይኗ ግን ወይ ፍንክች!

ቀበሮ መጥታ ገበቴው ላይ የቀረውን ቢጫ ሥርና የኮባ ሽፋኑን ስታይ ሳቋ አመለጣት። «አንቺ! ጠላ ልትጠምቂ ነው እንዴ? መሸፈን እኮ ለመጀመሪያው ሦስት ቀን ነው፤ ዘሩ እኩል ብቅ እንዲል። ከዚያ ወዲያ እንደ አራስ ልጅ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ፣ ቀትር ላይ ወደ ጥላ መመለስ ነው። ቪታሚኑ የሚበዛው በብርሃን ነው። እሱ ራሱ ፀሐይ ሳያይ ላንቺ ዓይን ምን ይሰጥሻል?»

አህይት አለቀሰች። «እኔ ጎህ ሲቀድ ወጥቼ አመሻሽ ላይ ነው የምገባው። ማን ያወጣልኛል? ማንስ ያስገባልኛል?»

ቀበሮ አህይት እንድትድንላት ትፈልጋለች እንጂ ገበቴ ማመላለሱን አልወደደችውም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጅብ ዋሻ ሄደች።

ጅብ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ከንፈሩን ይልሳል። «እመት ቀበሮ፣ ምስጢር ልንገርሽ?» አላት ገና ስትደርስ። ይኼ ጅብ ሆዱ ለሥጋ እንጂ ለምስጢር ቦታ የለውም። «ያቺ አህያ ሲመሽ አታይም! ዛሬ እሄድና ቅርጥፍ!»

«ምኗን? አጥንቷን?» አለች ቀበሮ ፊቷን አጨፍግጋ። «ከስታ የለም እንዴ! አረንጓዴ ቡቃያ ቀልበሃት ቢሆን ጉበቷ ብቻ ሦስት ቀን ያጠግብህ ነበር።»

የጅብ ለሐጭ ተዝረበረበ። «ጉበት? ስንት ቀን ልቀልባት?»

«ሦስት ዙር ቡቃያ እስክትበላ። ገበቴውን ጠዋት ወደ ፀሐይ ታወጣለህ፣ ቀትር ላይ ወደ ጥላ ታስገባለህ። ቅጠሎቹ ተዘርግተው ደማቅ አረንጓዴ ሲሆኑ አጭደህ ታበላታለህ።»

«ጠዋት? ጠዋት እኮ የምተኛበት ሰዓት ነው!»

«እንግዲያው ጉበቱ ይቅርብህ።»

«ቆይ፣ ቆይ! ማን እምቢ አለ?»

እናንተዬ፣ ጅብ «ጎረቤት ለመቼ ነው?» ብሎ ገበቴውን ከአህይት ተረከበና አትክልተኛ ሆነ! እያዛጋ ገበቴ ተሸክሞ ይወጣል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይመልሳል፤ ውሃ ይረጫል። ጉበቱን ባሰበ ቁጥር በለሐጩም ያጠጣው ነበር። አንዴ ቀምሶት «እፍ! ሣር!» ብሎ ተፋ። ቡቃያው ግን አጠር፣ ደንደን ብሎ አረንጓዴ ሆነ።

«እንዲህ ያለ ደግ ጎረቤት ኖሮኝ ነው?» ትላለች አህይት ሆዷ እየባባ።

«ብይ እኅቴ፣ ብይ! ምንም እንዳታስተርፊ» ይላታል ጅብ።

ሦስተኛው ዙር ባለቀ ማግሥት፣ ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጅብ ተነሣ። አታየኝም ብሎ መደበቁንም ተወው። መንገዱን መሐል ለመሐል ይዞ፣ ጥርሱን አግጥጦ፣ አንድ እርምጃ ሲቀረው አፉን ከፈተ።

«እንዴት አመሸህ፣ አያ ጅቦ?» አለች አህይት።

ጅብ ክው አለ። «ታ… ታዪኛለሽ እንዴ?»

«አሳምሬ ነዋ! ጥርስህ አንድም ሳይቀር ይታየኛል።» በጣም ከፍቷት ነበር። «ያ ሁሉ ደግነት ለዚህ ነው?»

መልሱን አልጠበቀችም። ዞር አለችና በሁለት የኋላ እግሮቿ መንጋጋው ላይ አሳረፈችበት። ጅብ ቁልቁል ተንከባለለ። ከወደቀበት ተነሥቶ፣ መንጋጋውን ይዞ፣ እያነከሰ ቀበሮ ደጅ ደረሰ።

«ማነው ያዳናት?» እያለ ተንሰቀሰቀ። «ዓይኗን ማን አበራብኝ?»

ቀበሮ አህይት ያመጣችላትን ውሃ ጠጥታ አፏን ጠረገች። «አንተው ነህ እንጂ!» አለችው። «ጠዋት ጠዋት ፀሐዩን ማን አበላት?»

ከዚህ የምንማረው፣ ቡቃያ የሚሰጠን ሲበቅል ያገኘውን ያህል ስለሆነ ከርዝመቱና ከብዛቱ ይልቅ አበቃቀሉን ማየት እንደሚገባን፣ ሆዱን ብቻ የሚያስብ ደግሞ የሚያበራው ብርሃን መጀመሪያ የሚያጋልጠው ራሱን እንደሆነ ነው።