ታቅፈው የገቡት ዶሮዎች

ተረት ተረት! «የመሠረት» ካላችሁ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ዶሮም ቤትም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ጊዜ፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ዶሮ ወዳድ ሴት ነበረች። የዶሮ ቤቷ ከጓሮ፣ ከገደል አፋፍ ላይ ነበር። ከገደሉ ሥር ሸለምጥማጥ ይኖራል። እሱም እንደሷ ዶሮ ይወዳል፤ አወዳደዱ ግን ሌላ ነው።

አንድ ሌሊት ሸለምጥማጡ አንዲት ቄብ ነጠቃት። ማንጠግቦሽ አለቀሰች። ሲነጋ ጎረቤቶቿን ጠርታ የዶሮ ቤቱን አሸክማ ከደጇ ፊት፣ ውሻዋ ከሚተኛበት አጠገብ አስቀመጠችው።

ሲመሽ ግን ዶሮዎቹ ተከታትለው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ቤቱ ከተነሣበት ባዶ መሬት ላይ ተኮልኩለው ተቀመጡ። ማንጠግቦሽ ከአዲሱ ቦታ ገብስ በትና ጠራቻቸው። መጡ፣ ለቀሙ፣ አመስግነው ተመለሱ። እሷም ዱላ ይዛ ስትጠብቃቸው አደረች።

በማግስቱ አውራው ዶሮ ለኔ ተዉልኝ አለ። ከአዲሱ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጮኸ፣ አዘዘ፣ ተቆጣ። ሲጨልም መጀመሪያ ወደ ጓሮ የወረደው እሱ ራሱ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የዶሮ ቤቱ ራሱ ለመናቸው። ጭቃዬ ያው፣ ቆጤ ያው፣ ምን በደልኳችሁ ቢላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ሸለምጥማጡም ከገደሉ ሥር ሆኖ፣ የአባት ቦታ አይለቀቅም፣ በርቱ እያለ ያሞግሳቸው ነበር።

ማንጠግቦሽ ታከታት። «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» አለች ማታ ዱላዋን ይዛ ጓሮ ቆማ። «እናንተ ግን በልታችሁ ትሄዳላችሁ። ዓይኔ እያየ ሸለምጥማጥ ከሚጨርሳችሁ ነገ ገበያ እወስዳችኋለሁ።»

ከሁሉ ያረጀችው ገብስማዋ ዶሮ ቀና አለች።

«እሜቴ፣ ጠልተነው አይደለም። ሲመሽ ዓይናችን ይጠፋል፤ የሚመራን እግራችን ነው። እግራችን ደግሞ የሚያውቀው ይሄንን ነው። ለመሆኑ እርስዎ ሲዳሩ እዚህ ቤት በእግርዎ ነው የገቡት?»

ማንጠግቦሽ ዱላዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ «ሚዜው አዝሎኝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እግሬማ ወደ እናቴ ቤት ነበር የሚጎትተኝ።»

«እኛንስ ማን አዘለን?»

ማንጠግቦሽ ዱላዋን ጥላ ገብስማዋን አቀፈቻት፤ ወስዳም ከቆጡ ላይ አስቀመጠቻት። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አስገባች። አውራው እኔ ወንድ ነኝ ብሎ ትንሽ ተንፈራገጠ፤ ጉያዋ ሲገባ ግን ዓይኑን ጨፈነ። በሩን ዘጋች። ሲነጋም ውሃና ጥሬ እዚያው ሰጥታ ፀሐይ እስክትሞቅ አቆየቻቸው።

ማታ ወደ ጓሮ ሄዱ። ምን ይደረግ፣ እንደገና አቅፋ መለሰቻቸው። በአንድ ቀን ይለምዳሉ የሚል ሰው ዶሮ አርብቶ አያውቅም። በነጋ በጠባ አቀፈች፣ መለሰች፤ አቀፈች፣ መለሰች።

አንድ ምሽት እንደልማዷ ጓሮ ብትወርድ ባዶ መሬት ብቻ ጠበቃት። ሸለምጥማጥ በላብኝ ብላ እየሮጠች ተመለሰች፤ የዶሮ ቤቱንም በር ከፈተች። ሁሉም ከቆጡ ላይ ተደርድረዋል።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ እሜቴ» አላት የዶሮ ቤቱ። «ገና አሁን ማሸለባቸው ነው። ዛሬ በእግራቸው መጡ።»

ማንጠግቦሽ ደስ አላት፤ ክንዷ ባዶ ሆኖባትም ትንሽ ቅር አላት። በሩን በቀስታ ዘጋች።

እግር የለመደውን ያውቃል፤ አዲሱን የሚያስለምደው እቅፍ ነው። ተረቴን ከቆጡ አሰፈርኩ፤ በሩን እናንተ ዝጉ።