ሐጂ አሊጋዝ አሚን ያላሉበት ዋጋ

በድሮ ዘመን፣ ወንዝ ለሁለት በከፈላት አንዲት ከተማ ውስጥ፣ ሐጂ አሊጋዝ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። መስጂዱ ከወንዙ ወዲህ፣ መቃብሩ ከወንዙ ወዲያ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ጀናዛ የያዙ ሰዎች ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ክረምት ቃሬዛ ተሸክሞ ሊሻገር የሞከረ ጎረቤታቸውን ውሃው ወሰደው። ከዚያ በኋላ ጀመዓው ለድልድይ ሰደቃ አዋጣ፤ ገንዘቡንም በአማና፣ አደራ ብሎ ለሐጂ ሰጣቸው።

የጁምዓ ሰላት እንዳለቀ ግንበኞች በመስጂዱ ግቢ ተጠርተው ዋጋቸውን በሰው ፊት ተናገሩ። የሐጂ አማችና ሙህዬ የሚባል አንጋፋ ግንበኛ የጠሩት ዋጋ ተቀራራቢ ነበር። ነስሩ የተባለው ሦስተኛው ግን የእነሱን ግማሽ ጠራ። ሰዉ በደስታ ተንጫጫ። "በተረፈው የመስጂዱን ጣሪያ እናድሳለን" ተባለ።

በዚያች ከተማ ውል የሚጸናው በዱዓ ነው፤ አሚን ከተባለ በኋላ ዋጋ መለወጥ ነውር ነው። ሁሉም ለዱዓ እጁን ሲያነሳ የሐጂ እጅ ከጭናቸው ላይ አልተነሳም።

"ምነው ሐጂ?" አለ ዑስማን የሚባል ቅመም ሻጭ። "ለአማችዎ አዝነው ነው?"

አንዳንዱ ሳቀ። ሐጂ ፊታቸው ጋለ፤ በአማና ተጠርጥረው አያውቁም። እጃቸውን ቢያነሱ ስማቸው ይተርፍላቸዋል፤ ይህንንም ለአፍታ አሰቡት። ከዚያ ወደ አማቻቸው ዞረው፣ "ከዚህ ሥራ ውጣልኝ። ባለቤትህ ብታኮርፈኝ እችለዋለሁ" አሉት።

ነስሩንም አጠገባቸው አስቀመጡት።

"ልጄ፣ ድንጋዩን ከየት ታመጣለህ?"

"ከላይኛው ካባ፣ በበቅሎ።"

"ለበቅሎው፣ ለኖራው፣ ለሠራተኛው ከፍለህ ለቤትህ ምን ይተርፍሃል?"

ነስሩ አቀረቀረ። "ምንም። ሥራ ካጣሁ ቆየሁ፣ አባቴ። አንዴ ከጀመርኩት ጀመዓው ይጨምርልኛል ብዬ ነው።"

"ባይጨምርልህስ?"

"ኖራውን አሳንስ ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እኛ ደግሞ በዚህ ላይ አሚን ልንል ነበር" አለ ዑስማን፣ እጁን ቀስ ብሎ እያወረደ።

ሐጂ ነስሩን አላዋረዱትም። "እውነቱን ተናግረሃልና አላህ ይውደድህ" አሉት። ሥራው ለሙህዬ ተሰጠ፤ ነስሩንም በሙሉ ደመወዝ አብሮት እንዲያሠራው ሐጂ ለመኑለት። ዱዓው ያኔ ተደረገ። በቀጣዩ ክረምት ወንዙ የድልድዩን ወገብ ነካ፤ ጀናዛ የያዙት ሰዎች ግን እግራቸው ሳይርስ ተሻገሩ። ነስሩም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር።

ዑስማን የመስጂዱ ጣሪያ ዝናብ ባንጠባጠበበት ቁጥር፣ "ጣሪያችንን ያስቀሩብን እርስዎ ነዎት" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ሐጂም ፈገግ ብለው፣ "የጎደለውን ዋጋ ግንበኛው ከኪሱ አይሞላውም፤ ከግንቡ ላይ ያነሳዋል" ይሉታል።

ዛሬም የመንገዱና የትምህርት ቤቱ ሥራ በጨረታ ይሰጣል። ትንሹ ቁጥር ሲነበብ የሕዝብ ገንዘብ ተረፈ ብለን ደስ ይለናል። እኔ ግን እሰጋለሁ። አማና የተቀበለ ሰው ከገንዘቡ በላይ በሥራው የሚገለገለውን ነፍስ ተረክቧል። ሊሆን የማይችል ዋጋ ሲቀበልም የቸገረውን ግንበኛ ወደ ኺያና፣ አደራ ወደ መብላት ይገፋዋል፤ አላህ ፊት ሁለቱም ይጠየቃሉ። ሥራ የምትሰጡ ወንድሞቼ፣ ግንበኛውን አስቀምጣችሁ በርኅራኄ ጠይቁት። ምናልባት እውነቱን የሚነግረው ሰው አጥቶ ይሆናል።