ዳገት ላይ የሚታነቅ ሞተር

አንድ ሰው ሞተር ሳይክል ነበረው። በገበያ ቀን ሰው ይጭንበታል፤ በሌላው ቀን ያጥበዋል። ማጠቡ አልበቃ ብሎት ወንበሩን ቀይ ከፋይ አለበሰው። ከስሩ ወፍራም ስፖንጅ ጠቀጠቀበት፣ ዳርና ዳሩን ዘርፍ አንጠለጠለበት፣ እንዳይንሸራተትም ጥፍር አድርጎ አሰረው። መንገደኛው ሲያየው "የሙሽራ ሞተር!" ይለዋል። ሰውየውም ደስ ይለዋል።

ሞተሩ ግን ታመመ። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ዳገት ሲጀምር ያስላል፣ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ቀጥ ይላል።

ሰውየው መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ለምን? ልጁ መክሊት ረቡዕ ጠዋት የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት። የምትፈተነው ከዳገቱ በላይ ባለችው ከተማ ነው። የመፈተኛው ግቢ በር ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ከተዘጋ አይከፈትም። "እኔ አደርስሻለሁ" ብሎ ቃል ገብቶላታል።

ቅዳሜ ካንዴላ ቀየረ። እሑድ ከጸሎት ቀርቶ ቤንዚኑን ደፍቶ አዲስ ቀዳ። ሰኞ ካርቡሬተሩን አስጠረገ። ጋራዥ ውስጥ ሲያስነሡት ድምፁ ልክ ነው። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ያው ሳል! "ቤንዚኑ ውሃ ነው! መካኒኩ ደንቆሮ ነው!" እያለ ይመለሳል።

ማክሰኞ ጋሽ ሎምባሞ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ችኩል ሰው አይወዱም። ሰውየው እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ የወንበሩን ልብስ አወለቀ። ዘይት እንዳይነካው አጣጥፎ ብብቱ ስር ያዘው።

"ምንድን ነው የታቀፍከው? ሕፃን ነው እንዴ?" አሉት።

"የወንበሩ ልብስ ነው፣ ጋሽዬ። እንዳይቆሽሽብኝ ብዬ ነው።"

"ሌሎቹም ጋ ስትሄድ እንዲህ ታወልቀው ነበር?"

"አዎ። ምነው?"

"በል መልሰህ አልብሰውና እኔን ጭነህ ዳገቱን ውጣ።"

አለበሰው፤ ጫናቸው። ግማሽ ሳይደርሱ ሞተሩ ታነቀ። ጋሽ ሎምባሞ ወረዱና ልብሱን በገዛ እጃቸው ገፈፉት። ሞተሩ ሲነሣ እየጮኸ ዳገቱን ወጣ!

"አየህ፣ አየር የሚስበው ከወንበሩ ስር ባለው በዚህ ቀዳዳ ነው። አንተ ስፖንጅ ጠቅጥቀህበታል። አፍህን በትራስ አፍኜ 'ዳገት ውጣ' ብልህ ትወጣለህ?"

ሰውየው አፈረ። አመስግኖ ሄደ።

ረቡዕ ማለዳ ወንበሩን አየው። ተቀዷል፣ ቆዳው ተላጧል። "ልጄን በዚህ ላይ አስቀምጬ ሰው ፊት ልወስዳት? ለዛሬ ብቻ" አለና ያንኑ ልብስ መልሶ አሰረው።

አትሳቁ፣ ወገኖቼ። እኛስ እያወቅን ስንቴ መልሰን አሰርን?

ዳገቱ መካከል ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ረገጠው፤ እንቢ። ደግሞ ረገጠው፤ እንቢ። ላቡ ይንጠባጠባል።

"አባዬ፣ ሁለት ከሩብ ሆነ እኮ" አለች መክሊት። "በእግሬ ልሩጥ?"

ልጁን አየ። ልብሱን አየ። ቋጠሮው አልፈታ ቢለው በጥርሱ በጠሰው። ከፋዩንም፣ ስፖንጁንም፣ ዘርፉንም ገደል ሰደደው። መክሊት የተቀደደው ወንበር ላይ ወጣች። ሞተሩ ተነሣ። ዘበኛው በሩን እየገፋ ሳለ በጎን ሾልካ ገባች።

አሁን ስሙኝ። እናንተም እዚህ ጸሎት ቤት ስትመጡ ደህና ናችሁ። ትዘምራላችሁ፣ ታለቅሳላችሁ፣ ድምፃችሁ ልክ ነው። ሰኞ ቤታችሁ ውስጥ ለምን ትታነቃላችሁ? እዚህ የምታወልቁትን በር ላይ መልሳችሁ ስለምታስሩት አይደለምን?

አንዱ "ሰው ምን ይለኛል" የሚለውን አስሯል። አንዷ የእህቷን ቂም አስራለች፤ "እኔ ነኝ የተበደልኩት" ማለት ያምራታል። ሲታነቁ ግን ሰባኪውን ይቀይራሉ፣ ሰፈር ይቀይራሉ፣ ጓደኛ ይቀይራሉ። ምን ያልቀየራችሁት አለ? ምንስ ተሻላችሁ?

መታነቁ በእናንተ ብቻ ቢቀር መልካም ነበር። ግን አባት ናችሁ፤ እናት ናችሁ፤ ታላቅ ወንድም ናችሁ። ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ጊዜ ዞር በሉ።

ከኋላችሁ ማን ተቀምጧል?