ድራማ የጠራው በሬ

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ ወሩ ታኅሣሥ። ፀሐይ ነበር፤ በምሥራቅ በኩል ግን ደመና ይታያል። ጤፌ ተከምሮ ገና አልተወቃም። የቀበሌው የመውቂያ ማሽን ተበላሽቷል። ያለኝ በሬዬ ቦራ ብቻ ነው።

አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ጎረቤቴ ይልቃል ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ይልቃል ሰው ቤቱ አያስገባም። ቴሌቪዥን መግዛቱ እንዲታወቅለት ግን ድምፅ ማጉያውን ግቢው ውስጥ ዛፍ ላይ ሰቅሎታል። ምስሉ ለራሱ፣ ጩኸቱ ለሰፈሩ።

በዚያ ቀን አዲስ ድራማ ጀመረ። መክፈቻው የእኛው የውቂያ ዘፈን ነው፤ በሬ አውድማ ላይ እየዞረ እህል ሲረግጥ የምንዘፍንለት። ማሽን ከመጣ ወዲህ በሰፈሩ የዘፈነው የለም። እኔም ረስቼው ነበር።

ቦራ አልረሳም። ገመዱን በጥሶ፣ አጥር ጥሶ፣ ይልቃል ግቢ ገባ። መሬት ላይ የይልቃል በርበሬ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ቦራ አውድማ መሰለውና ይዞር ጀመር። ዘፈኑ እስኪያልቅ ዞረ። ሲያልቅ ቆመና አነጠሰ። ሰፈሩም አብሮት አነጠሰ።

ይልቃል በሬውን ግንድ ላይ አስሮ ሽማግሌ ጠራ።

«በርበሬዬን ዱቄት አደረገው! የእኔን ጤፍ ወቅቶ እስኪጨርስ አይፈታም!»

«የእኔስ ጤፍ? ደመናውን አታይም?» አልኩት።

«ደመናውን አንተ እየው። በሬው እዚህ ነው።»

«ዘፈኑን ሰምቶ ነው የመጣው።»

«ኤዲያ! ይሄ የከተማ ሙዚቃ ነው፣ በመሣሪያ የተቀነባበረ። በሬ ስለ ድራማ ምን ያውቃል?»

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አባ ዘውዱ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው፣ «ዋሴ፣ ተናገር እንጂ! በሬህ ሊወሰድብህ... እ... እ... እጥሽ! ሊወሰድብህ ነው» አሉኝ።

እኔ ወሬ አላበዛም።

«አባ፣ ስጥ ዘርግቶ የውቂያ ዘፈን ያሰማ ሰው ደቦ ጠርቷል። ቦራ ተጠራ፣ መጣ፣ ወቃ። ደቦ የጠራ ያበላል። ምሳው የታለ?»

ሽማግሌዎቹ በሳቅና በንጥሻ መሃል ፈረዱ። ቦራ ይፈታ፤ ጭድም ይቅረብለት።

«እኔ የከፈትኩት ድራማ ነው!» ብሎ ይልቃል ጮኸ።

ሚስቱ ደብሬ ከጓዳ፣ «ዝም በል አንተ፤ ከመውቀጥ ገላግሎኛል» አለችው።

በማግስቱ ቦራን አውድማ አወጣሁትና መዝፈን ጀመርኩ። ሁለተኛው ስንኝ ጠፋብኝ። አንዱን እየደጋገምኩ ዝናቡ ሳይመጣ ወቅተን ጨረስን። ቦራ ሰልችቶት ነበር።

እንዲህማ አይሆንም፣ ዘፈኑን ልማረው ብዬ ወሰንኩ። በሚቀጥለው እሑድ ድራማው ሲጀምር ቦራን በሁለት ገመድ አሰርኩት። እኔ ግን እንደ ቦራ በዘፈኑ ተጠርቻለሁ፤ ደቦ የጠራ ደግሞ በር አይዘጋም። ሄጄ ይልቃል ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ደብሬ ምሳ አቀረበች።

በርበሬው ደህና ልሟል።