ወንበር የያዘው ባርኔጣ

ጆሮ ካላችሁ እኔም አፍ አለኝ፣ ልጆቼ። በአንድ ሐይቅ ላይ ሰው እያዝናና የሚዞር ትልቅ መርከብ ነበረ። ምሳ የሚበላው ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ነፋስ እየተቀበሉ ነው። ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል፤ ለተቀመጠ ዓሣ ይቀርባል፣ ለቆመ ግን የለም። እንዲህም ያለ ሕግ አለ!

ቀኛዝማች ደምለው ማልደው ወጡና አንዱን ጠረጴዛ ለብቻቸው ያዙት። በአንዱ ወንበር ራሳቸው ተቀመጡ፣ በሌላው ካባቸውን፣ በቀረው ባርኔጣቸውን አስቀመጡ። ኋላ አንዲት አሮጊት ደረጃውን እያቃሰተች ወጣች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ የዓሣው ሽታ ደግሞ ምራቋን ያስውጣታል። ዞር ዞር ብትል ሌላ ባዶ ወንበር የለም።

«ጌታዬ፣ እዚህ ልቀመጥ?»

«ሰው አለው» አሉ ቀኛዝማች፣ እሾኩን እየተፉ።

«የታለ ሰውዬው?»

«ባርኔጣዬ ነዋ! እሱን ለምኚው፤ ከፈቀደልሽ ተቀመጪ።»

ተመጋቢው ሁሉ ሳቀ። አሮጊቷ ግን አልተቆጣችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ለባርኔጣው እጅ ነሳች። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ?» አለችና ጆሮዋን ሰጥታ ቆየች።

«እህ፣ ምን አለሽ?» አሉ ቀኛዝማች።

«ምንም። ብድግም አላለልኝ፣ ኖርም አላለኝ፣ እንብላም አላለኝ። ለካስ እርስዎ ቤት ነው ያደገው!»

ሳቁ ወደ እሳቸው ዞረ። ቀኛዝማች ባርኔጣቸውን ላፍ አድርገው ራሳቸው ላይ ደፉት። አሮጊቷም ተቀመጠች፣ ዓሣዋም መጣላት። እሷ መቼም ያሳደጋት ሰው አለ፤ ገና ሳትቆርስ ቀና ብላ፣ «እንብላ ጌታዬ» አለች፤ «እርስዎም፣ ባርኔጣዎም።»