አምስት ዓመት የተቀነሰለት ዘበኛ

እኛ ከተማ፣ ትንሹን ሲያባርር ትልቁ ያመለጠው ሰው በተገኘ ቁጥር የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። ብዙ ሰው ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስለዋል። የለም፤ ባለቤቷን አውቀዋለሁ። የእህል መጋዘን ዘበኛ የነበረው ውብዬ ደርሶ ነው።

ውብዬ ከሞት ይልቅ ጡረታን የሚፈራ ሰው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው ሁሉ የልደት ማስረጃ ያቅርብ ሲል፣ እሱ የተወለደበትን ቀን የመዘገበ ስለሌለ፣ ምስክሮች ይዞ ቃለ መሐላ እንዲፈጽምና እንዲያጸድቅ ተነገረው። ደስ አለው። ምስክሮቹን ጥብስ ጋበዘና፣ «አምስት ዓመት ብቻ ቀንሱልኝ፤ ማንን ይጎዳል?» አላቸው።

ከመካከላቸው አብሮ አደጉ አያ ሙላት ቅር አለው።

«ውብዬ፣ እኔና አንተ እኮ ባንድ ቀን ነው ክርስትና የተነሣነው!»

«ታዲያ አንተስ ማን ከለከለህ? ቀንስ!»

ሳቁ። ጥብሱም አንዴ ተበልቷል። በማግስቱ መጽሐፍ መትተው ማሉ፤ ወረቀቱም ማኅተም አረፈበት። ውብዬ ያን ሰሞን ጺሙን ተላጭቶ፣ ሽክ ብሎ፣ እኩዮቹን «ታላቄ፣ እንዴት አደሩ?» እያለ ሲያሾፍ ከረመ።

ብዙም ሳይቆይ ከእህቱ ከአልጋነሽ ጋር ተጣላ። በአባት አንድ፣ በእናት ሁለት ናቸው። አባታቸው የተዉትን ቤት ሳይካፈሉ አብረው ሲያከራዩት ኖረው፣ እንካፈል ቢላት እምቢ አለችው። ከሰሳት። ማስረጃህን አቅርብ ሲባል ያንኑ ባለማኅተም ወረቀት ኮራ ብሎ ሰጠ።

ዳኛው አነበቡና አባትየው መቼ እንደሞቱ ጠየቁ። የአቶ ደርሶን ሞት የማያውቅ የለም፤ አሮጌውን ድልድይ ጎርፍ ሲወስደው አብረው የተወሰዱ ናቸው። ዓመቱን ችሎቱ በሙሉ ባንድ አፍ ነገራቸው።

«አቶ ውብዬ» አሉ ዳኛው፣ «በዚህ መሐላ መሠረት የተወለዱት አባትዎ በሞቱ በሁለት ዓመቱ ነው።»

ሰው ሳቀ። ውብዬ ግን ወደ ዳኛው ጠጋ አለ።

«ክቡር ዳኛ፣ አባቴ ሲሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ! ትከሻው ላይ አድርጎኝ ገበያ መውረዱ ዛሬም ትዝ ይለኛል!»

«እንግዲያው መሐላው ሐሰት ነበር?»

አዎ ቢል በሐሰት መሐላ እሱም ምስክሮቹም ወህኒ ሊወርዱ ነው፤ እንጀራውም ይቀራል። አይደለም ቢል የደርሶ ልጅነቱ ቀረ። ችሎቱን ሊሰሙ አብረውት የመጡትን ምስክሮቹን ዞሮ አያቸው፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

«መሐላው እውነት ነው» አለ በመጨረሻ፣ እንባው እየመጣ። ያን ጊዜ አልጋነሽ እንኳ አዘነችለት፤ ለእሷ የተፈረደውን ቤት ግን አላካፈለችውም።

ሲወጡ በር ላይ የቆመ አንድ ጎረቤት፣ «እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ውብዬ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። አያ ሙላት ግን ያን የማለበትን እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ፣ «ምን ይሆናል ወንድሜ፣ ዕድሜ ሊያስቀንስ ሄዶ አባቱን አሰርዞ መጣ!» አለ።